የእቃቃው ገበያ

አክስቴ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ስልኩን አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ አደረጉት።

«የቱ ጋ ነው የሚገዛው?»

«ታች ነው እማዬ፤ ‹ሙሉውን ክፈት› የሚል አረንጓዴ በተን አለ።» ልጃቸው ከኮምፒውተሯ ቀና አላለችም።

«የለም።»

«አለ እንጂ! ከ‹መ› ቀጥሎ ሁሉም ተቆልፏል፤ እሱን ስትነኪው ይመጣል።»

«ምንም የተቆለፈ የለም አልኩሽ። ይኸው ‹ሠ›ም ተከፍቷል፣ ‹ረ›ም ተከፍቷል፣ እስከ ‹ፐ› ድረስ ወለል ብሏል። እንዲህ በነጻ እየረጨሽው ምኑን ነው የምትሸጪው?»

ልጅቷ አሁን ቀና አለች። ስልኩን ተቀበለች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አመላለሰችው። «ወይ ጉዴ» አለች ቀስ ብላ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ቅዳሜ ማታ ነው። የአክስቴ ልጅ ለልጆች ፊደል የሚያስተምር አፕ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት በ2.99 ዶላር መሸጥ ጀመረች፤ የሰፈሩ ወላጆች ገዙት፣ ወሬው የደረሳቸውም ከሌላ ከተማ ገዙት፤ ከዚያ ቆመ። ሰው ያላየውን ነገር ከፍሎ ማውረድ አይወድም። ስለዚህ አዲሱ ቨርዥን 2.0 በነጻ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከነቤተሰቦቻቸው ክፍት ናቸው፤ የቀረውን የፈለገ እዚያው አፑ ውስጥ አንድ ጊዜ ከፍሎ ያስከፍታል፤ በየሳምንቱ የሚጨመረውን ተረት የፈለገ ደግሞ በወር በወር ይከፍላል። ያኔ 2.99 የከፈሉት ግን ሁለተኛ ሳንቲም ሊጠየቁ አይገባም። ይህን በማስታወቂያዋም፣ በየወላጁ የቴሌግራም ግሩፕም ቃል ገብታለች። ሰኞ ጠዋት ለግምገማ ልትልከው ነው። እኔ የሄድኩት ቡና ልጠጣ ነበር።

አክስቴ ይነካኩት የነበረው አፕ ከልጃቸው ኮምፒውተር በኬብል በቀጥታ የተጫነ ነው። የሚገዙትም በእውነተኛው አፕ ስቶር ሳይሆን ለሙከራ በተከለለ ገበያ ነው። ባለሙያዎቹ ሳንድቦክስ ይሉታል፤ ልጆች የሚጫወቱበት የአሸዋ ሣጥን ማለት ነው። እኛ ለነገሩ የቆየ ስም አለን፦ እቃቃ። ቅጠሉ ብር፣ ጭቃው ወጥ፣ ጣሳው ድስት ይሆናል፤ ሻጭና ገዢ ከምራቸው ይከራከራሉ፤ ሲመሽ ሁሉም ተበትኖ ወደየቤቱ ይገባል፤ ያተረፈም የከሰረም የለም። አፕል ዘንድም እንዲሁ ነው። ገንቢው ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል መለያ ይከፍትና ስልኩ ላይ በዚያ ይገባል። የመክፈያው መስኮት እንደ እውነተኛው ሆኖ ይመጣል፤ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ግዢው ተሳካ ይላል። ከማንም ካርድ ግን ምንም አይነሳም። የሚያሳብቀው መስኮቱ ላይ የሰፈረው «ሳንድቦክስ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ይህ እቃቃ ከእውነተኛው ገበያ የሚለይባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከገንቢዎች ጋር ብዙ ሌሊት ካመሸሁ በኋላ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ስህተት ጎጆ የሚሠራው እነዚያ ቦታዎች ላይ መሆኑን ነው። የአክስቴ ልጅ ያን ማታ የረገጠችው አንደኛውን ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። አፕ ስቶር ጁላይ 10 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) በ500 አፖች ሲከፈት ዋጋ የሚከፈለው በሩ ላይ ነበር። ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ። አፕ ውስጥ ገብቶ መግዛት የመጣው በዓመቱ፣ በጁን 2009 ነው፤ ያኔም የተፈቀደው ቀድሞውኑ በገንዘብ ለሚሸጡ አፖች ብቻ ነበር። በነጻ የሚወርድ አፕ ውስጡ እንዲሸጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ጉግል በማርች 2011 ተከተለ። ከዚያ በኋላ ገበያው ተገለበጠ፤ ማር ሻጭ መጀመሪያ በጣት ጫፍ እንደሚያስቀምሰው፣ አስቀምሶ መሸጥ ልማድ ሆነ። በር ላይ ያስከፍሉ የነበሩ ብዙ ገንቢዎችም ወደዚያው ዞሩ። የዞረ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ቀድሞ የከፈለውን ሰው በምን ልለየው?

መልሱ የቨርዥን ቁጥር ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ለጌጥ የተለጠፈ በሚመስለው ቁጥር።

እያንዳንዱ አፕ ሁለት ቁጥር ተሸክሞ ይሄዳል። አንደኛው ሰው የሚያየው ነው፤ 1.0፣ 1.1፣ 2.0። ሁለተኛው ቢልድ ቁጥር ይባላል፤ ገንቢው አፑን አሽጎ ወደ መደብሩ በላከ ቁጥር የሚለወጥ፣ ተጠቃሚው አይቶት የማያውቅ ቁጥር ነው። እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ደረሰኝ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ያስታውሳል። የተበላሸው ቅጠል እንኳ ተሰርዞ ጥራዙ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ ከፋይ አይሰጥም። ቢልድ ቁጥርም በዚያ መንፈስ መያዝ ያለበት ነገር ነው። ያለበት እላለሁ፣ ምክንያቱም አፕል አይፎን ላይ በዚህ ረገድ ለቀቅ ያደርጋል፤ በአንድ ቨርዥን ሥር ቢልድ ቁጥር አይደገም ይላል እንጂ፣ ሰው የሚያየው ቁጥር ከ1.0 ወደ 1.1 ሲሄድ ቢልዱን እንደገና ከ1 መጀመር አይከለክልም። የአክስቴ ልጅ ይህን ነጻነት ተጠቅማበታለች።

አፕል አንድ ሰው አፑን መጀመሪያ ባወረደ ጊዜ የነበረውን ቅጂ ይመዘግባል፤ አፑ ሲጠይቅም ይነግረዋል። ስለዚህ የእሷ ኮድ በደምሳሳው እንዲህ ይል ነበር፦ መጀመሪያ ያወረደው ቅጂ ከ2.0 የሚቀድም ከሆነ የድሮ ገዢ ነውና ሁሉንም ክፈትለት። ሲያዩት ንጹህ ነው። ሳንድቦክስ ውስጥ ግን ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የሚመጣው፦ 1.0። ማንም ይሁን፣ መቼም ያውርደው፣ 1.0። አክስቴ የያዙት አፕ ጠየቀ፤ «1.0» ተባለ፤ የድሮ ደንበኛ ናቸው ብሎ በሩን ወለል አደረገላቸው። መሸጫው በተን የጠፋው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ምን አስደነገጠሽ? እውነተኛው ገበያ ላይ ይስተካከል የለ እንዴ?» አልኳት።

«ገምጋሚውም እኮ እዚሁ እቃቃ ውስጥ ነው ያለው!»

እውነቷን ነው። አፕልን ወክሎ አፑን የሚፈትሸው ሰው ግዢን የሚሞክረው በሳንድቦክስ ነው። ለሽያጭ የታሸገው ቅጂ ራሱ ገምጋሚው እጅ ላይ ሲሆን የሙከራ ገንዘብ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን የረሱ ብዙዎች ተቃጥለዋል። ደረሰኝ በሰርቨር በሚጣራበት በድሮው መንገድ 21007 የሚባል የስህተት ቁጥር ነበር፤ ትርጉሙ «ይህ የሙከራ ደረሰኝ ነው፤ አንተ ግን ለእውነተኛው ገበያ ላክኸው» ነው። ሰርቨራቸው እውነተኛ ደረሰኝ ብቻ እንዲቀበል ያደረጉ ሰዎች ገምጋሚው ሲገዛ በሩን ዘጉበት፤ አፑም ተመለሰ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ ለእውነተኛው ጠይቅ፣ 21007 ከመጣ ለሙከራው ጠይቅ። የእሷ ችግር የዚያ ግልባጭ ነው። ገምጋሚው አፑን ሲከፍት ሁሉ ነገር ነጻ ይሆንለታል፤ በመግለጫው ላይ ይሸጣል የተባለውን ዕቃ ይፈልጋል፤ ያጣል፤ አላገኘሁትም ብሎ ይመልሳል።

ማስተካከያው ከሁለት መስመር አይበልጥም። አፑ የቆመው በየትኛው ገበያ እንደሆነ ስልኩን መጠየቅ ይችላል፤ ሳንድቦክስ ከሆነ የድሮ ገዢነትን ጥያቄ ዝለለው። ጻፈችው። አክስቴ ስልኩን መልሰው ያዙ። አረንጓዴው በተን ወጣ። «አሁን ነጋዴ ሆንሽ» አሉ።

እዚህ ላይ ብንተኛ ኖሮ ነገሩ በተበላሸ ነበር። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ በሕዝብ እጅ ያሉት የድሮዎቹ ቅጂዎች ቢልድ ቁጥር ስንት እንደነበረ ጠየቅኳት። መዝገቧን ከፈተች። 1.0 ለሽያጭ የወጣው በ14ኛው ቢልድ ነው። 1.1 ላይ ከ1 ጀምራ ቆጥራ በ9ኛው ወጥቷል። ደስ ብሏት ነገረችኝ፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ።

አይፎን «መጀመሪያ ያወረደው የትኛውን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰው የሚያየውን ቁጥር አይደለም፤ ቢልድ ቁጥሩን ነው። ማክ ኮምፒውተር ላይ ተቃራኒው ነው። በእውነተኛው ገበያ የ1.0 ገዢዎች ሲጠየቅላቸው የሚመጣው መልስ 14፣ የ1.1 ገዢዎች ደግሞ 9 ነው። የእሷ ኮድ ይህን የሚያነጻጽረው ከ2.0 ጋር ነበር። 14ም 9ም ከ2 ይበልጣሉ። ስለዚህ ቃል የገባችላቸው ወላጆች አንድም ሳይቀሩ አዲስ መጤ ተብለው ክፈሉ ሊባሉ ነበር። እቃቃው ውስጥ ሁሉም የድሮ ገዢ፤ እውነተኛው ገበያ ላይ ማንም የድሮ ገዢ አይደለም። ሙከራው ተሳሳተ ብቻ አልልም፤ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚናገረው።

ፖስታ ገልብጣ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረች። አዲሱ 2.0 ለሙከራ የተላከው በቢልድ 3 ነበር፤ በዚያው ቢቀጥል አዲሶቹ ነጻ አውራጆች የሚይዙት ቁጥር ከድሮዎቹ ያነሰ ይሆናል፤ ማን ማን እንደሆነ ለዘለዓለም ይደባለቃል። ስለዚህ ቆጠራውን ወደ 200 አዘለለችው፤ ከ200 በታች የሆነ ሁሉ የድሮ ገዢ፣ ከ200 ጀምሮ አዲስ። ከእንግዲህም ወደ 1 መመለስ የለም። ሲጨርሱት ቀላል ይመስላል።

አንድ ወጥመድ ቀርቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ወደ አፑ የሚመጡት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። ማሽን ጽሑፍን የሚያነጻጽረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ «ለ» ብቻዋን «ሀብታም» ከሚለው ረጅም ቃል በኋላ እንደምትመጣ፣ «9»ም «200» ከሚለው በኋላ ይመጣል። እንዲያ ከተነጻጸረ የ1.0 ሰዎች በ14 ያልፋሉ፣ የ1.1 ሰዎች ግን በ9 ይወድቃሉ። ግማሹ ሰው ደስተኛ፣ ግማሹ ሰው ተበዳይ፤ እንዲህ ያለው ስህተት ነው ለማግኘት የሚያስቸግረው። ለሰው የሚታየው ቁጥርም ያው ጣጣ አለበት፤ ከ1.9 ቀጥሎ 1.10 ይመጣል፤ በገንዘብ ዓይን ካዩት ግን 1.10 ያነሰ ይመስላል። ይህን ለአክስቴ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «እንደ ምዕራፍና ቁጥር ነዋ! ከምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ቀጥሎ ቁጥር 10 አይደል?» እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም።

ረከቦቱ የቀረበው በዚህ መሃል ነው። አቦሉ ሲወርድ አክስቴ ወርሃዊውን የተረት ክፍያ ገዙ። በእቃቃው ገበያ ጊዜም እንደ ገንዘቡ የማስመሰል ነው። አንድ ወር 5 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ወር 15 ደቂቃ፤ አንድ ዓመት አንድ ሰዓት። ክፍያው በራሱ እስከ 12 ጊዜ ይታደስና ያበቃል። ስኒው ሳይታጠብ ሁለተኛው ወር ገባ። ቶናው ሲቀዳ እኩሌታውን ዓመት አልፈን ነበር።

«አሁንም ቆረጠ?» ይላሉ አክስቴ በየመሃሉ።

«አይዞሽ እማዬ፤ የእውነት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ስንተኛው ነው?»

እኔ መታደሱ ላይ አልነበረም ዓይኔ። ሲታደስማ ማንም ያሳድሰዋል። የሚፈተነው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ነው። በረካው ላይ፣ ዓመቱ ሲያልቅ፣ አክስቴ ስለ አንዲት ብልጥ ጦጣ የሚናገር ተረት እያነበቡ ነበር፤ ገጹን ሲገልጡ አፑ አፋፍሶ ወደ መክፈያው ወረወራቸው። በሕጉ ልክ ነው፤ ከፍለው የያዙት ጊዜ አልቋል። በሰው ወግ ግን ተረት ጀምሮ መሃል ላይ ማቆም ነውር ነው። ልጅቷ አሰበችና የተጀመረው ተረት እስኪያልቅ እንዲቆይ አደረገች። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ የአንድ ቡና ዕድሜ በቃ።

ከዚያ አፑን ከስልኩ አጠፉት፤ እንደገና ጫኑት። አንድ ጊዜ የተገዛ ነገር ስልክ ሲቀየር አብሮ መጥፋት የለበትም፤ ለዚህም ግዢን የሚመልስ በተን መኖር እንዳለበት አፕል በደንቡ ይጠይቃል። ሠራ። ኢንተርኔቱን መሃል ላይ አጠፉ። ገንዘቡ ተቆርጦ ዕቃው ሳይደርስ ቢቀርስ? እዚህ ላይ የሁለቱም መደብሮች ሐሳብ አንድ ነው፣ በእኛ የቢሮ ቋንቋ ርክክብ ልበለው። አፑ ዕቃውን ለገዢው ካስረከበ በኋላ «አስረክቤያለሁ» ብሎ ለመደብሩ መልስ መስጠት አለበት። አፕል መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያንኑ ግዢ አፑ በተከፈተ ቁጥር እየደጋገመ ያስታውሳል። ጉግል ደግሞ ከ2019 ወዲህ ቆረጥ ያለ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ ርክክቡን ካልሰማ ገንዘቡን ለገዢው ይመልሳል። ለሙከራ በተመዘገቡ ሰዎች ላይ ያ 3 ቀን ወደ 3 ደቂቃ ይወርዳል፤ ርክክብ የረሳ ገንቢ እዚያው ቁጭ ባለበት ሽያጩ ሲሰረዝ ያያል።

የአንድሮይዱን ስልክ የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነው። ጉግል ለሞካሪዎቹ የውሸት ካርዶች ይሰጣል፤ አንዱ ሁልጊዜ እሺ ይላል፣ አንዱ ሁልጊዜ እምቢ ይላል፤ ሌላው ጥቂት ደቂቃ አስቦ እሺ ይላል፣ የመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ አስቦ እምቢ ይላል። ጉዱን የሚያመጣው ይህ የመጨረሻው ነው። ልጁ በእሱ ገዛ። አፑ ክፍያው ገና በመጠባበቅ ላይ ሳለ ፊደሉን ሁሉ ከፈተለት። ከደቂቃዎች በኋላ ካርዱ እምቢ አለ፤ ፊደሉ ግን እንደተከፈተ ቀረ። «በዱቤ ሰጠሽኝ» አላት። በአንዳንድ አገር ሰው አፕ ውስጥ አዝዞ ገንዘቡን ሱቅ ሄዶ በጥሬ ስለሚከፍል፣ ይህ «በመጠባበቅ ላይ» የሚሉት ሁኔታ የምናብ ነገር አይደለም። እሱም ተስተካከለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚጠራ ወይም ምግብ የሚያደርስ አፕ ሂሳቡን በቴሌብር ቢቀበል ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ አይመለከተውም። መደብሮቹ በአብዛኛው የራሳቸውን መክፈያ የሚጠይቁት እዚያው ስልክ ውስጥ ለሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ለፊደል፣ ለተረት፣ ለጨዋታ። ታክሲው ጎማ ስላለው ነጻ ነው።

አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ተጠይቃለች። ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 በኋላ በግል ስም የተከፈተ የገንቢ መለያ፣ አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት በዝግ ሙከራ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሰዎች ሊሞክሩለት ይገባል። መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ወደ 12 ወረደ። 12 ሰው ማለት አንድ የጽዋ ማኅበር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ወላጆችን ለምና ነበር የሞላችው፤ ሁለት ሳምንቱ ያለቀው ባለፈው ሐሙስ ነው።

የጉግል ቢልድ ቁጥር ከአፕሉ ይልቅ ጥብቅ ነው። ሙሉ ቁጥር ብቻ፤ ነጥብ የለም፤ ለሙከራ ብቻ የተላከ ቅጂ የያዘው ቁጥር እንኳ ሁለተኛ አይሠራም፤ ዝማኔ ሁሉ ከቀድሞው መብለጥ አለበት። ጣሪያም አለው፤ 2,100,000,000። ሁለት ቢሊዮን ማን ይደርሳል ትሉ ይሆናል። እኔ ደርሻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ ቁጥር ማስታወስ ሰልችቶን ቀኑንና ሰዓቱን አያይዘን ቁጥር አደረግነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አሃዝ። በዲሴምበር 31 ቀን 2020 የላክነው 2012311640 ነበር። በማግስቱ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ለእኛ ታኅሣሥ 23፣ ተራ ዓርብ ነው፤ ቢሮ ገብተን 2101011015 ብለን ላክን። ተመለሰ። ቁጥሩ ጣሪያውን በአንድ ሌሊት ዘሎታል። የዳንነው ሞኝነታችንን ትተን ካለፈው ቀን ቁጥር ላይ አንድ፣ ሌላ ጊዜ አንድ እየጨመርን በመሄድ ነው።

በዓመቱ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችን ያው ድንጋይ መታቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 በዓለም ዙሪያ ብዙ የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ኢሜይል ማድረስ አቆሙ፤ መልእክቱ ሁሉ ተሰልፎ ቀረ። የቫይረስ መፈተሻው የዝማኔ ቁጥር በቀን የተሠራ ነበር፤ አዲሱ 2201010001 ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ማስተካከያው ሲመጣ የያዘው ቁጥር በ211233 የሚጀምር ነበር፤ የ2021 ዲሴምበር 33ኛ ቀን እንደማለት ነው። 13ኛ ወር ለለመደ ሰው ይህ ብዙም አይገርምም፤ ጳጉሜንን ዘግይተው አገኙት እንጂ። በእኛ አቆጣጠር ቢቆጥሩ ኖሮም ስምንት ዓመት ገደማ ይተርፋቸው ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጨረሻውን ፍተሻ አደረገች። በሳንድቦክስ ልታየው የማትችለውን የድሮ ገዢ ጉዳይ ለብቻው ነጥላ፣ 14፣ 9፣ 199፣ 200፣ 201 እያለች በእጇ ቁጥር እያቀበለች ኮዱን ጠየቀችው። ሁሉንም በትክክል መለሰ። ቢሆንም ይህ እሷ የጠየቀችውን እሷው ስትመልስ ነው፤ አፕል በእርግጥ 14 ብሎ እንደሚልክ ማየት የሚቻለው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። ሰኞ ላከችው። ሲፈቀድ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ መረጠች፤ ዝማኔው ለሰዉ ስልክ የሚደርሰው በ7 ቀን ተከፋፍሎ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለ1 በመቶ፣ ከዚያ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ በሰባተኛው ለሁሉም። ስህተት ከታየ ማቆም ይቻላል። የወጣውን መልሶ ማስገባት ግን የለም፤ ያለው መፍትሔ የባሰ ትልቅ ቁጥር ያለው ሌላ ቅጂ ማውጣት ነው።

ሲለቀቅ እኔም ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ገዢ እናቷ ነበሩ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት 1.0 በወጣ ቀን በራሳቸው መለያ 2.99 ከፍለው። የሙከራውን መለያ ከስልኩ አወጣችው፤ በኬብል የጫነችውን አጠፋች፤ «አሁን ከመደብሩ አውርጂው» ብላ ሰጠቻቸው። ጥፍሯን ነክሳ ቆመች።

አክስቴ አወረዱት። ከፈቱት። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፤ ወደ ታች አመላለሱ፤ እስከ «ፐ» ደረሱ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፤ «ያ አረንጓዴ በተን ደግሞ ጠፋ።»

ልጅቷ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች፤ እየሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ገና አልተሠራም እንዴ?»